ባለ ጃንጥላው የኮሪያ ፊልም

ፊልሙን የመረጥኩት በፎቶው ነው። አንድ መልከ መልካም ወጣት ዝናብ ውስጥ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል፣ አንገቱን ትንሽ ሰበር አድርጎ። በቃ፣ የፍቅር ነው አልኩ። ለታናሽ እህቴ የኮሪያ ፍቅር ነፍሷ ነው። በአማርኛ ከተተረጎሙት ተከታታዮች አንድም አላመለጣት፤ የአፍቃሪውን ልጅ እናት ክፋት ስታወራልኝ ጎረቤቷን የምታማ ነው የሚመስለው። ታዲያ ጃንጥላው ውስጥ ጩቤ መኖሩን እኔ በምን ልወቅ? የቀዳሁት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ልጁ ጃንጥላውን አጠፈ፣ እጀታውን መዘዘና አንዱን ሰውዬ አንገቱ ላይ ሻጠበት። ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጨ። ኧረ በስመ አብ! ሪሞቱን ፍለጋ የሶፋውን ትራስ ሁሉ ገለባበጥኩት።

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን እህቴን ደም ላሳያት አልፈለግኩም፤ ምክንያት ነበረኝ።

እሁድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ቀበቶዬን እያሰርኩ ሳለ አጎቴ ከአዲስ አበባ ደወለ። አጎቴ ሲደውል ከእኔ ጤና ተነስቶ፣ የመኪናዬን ጤና ጠይቆ፣ የዴንቨርን በረዶ ጠይቆ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። ያን ቀን ሰላም እንኳ አላለኝም። «አንቺ ትልቋ ነሽ፣ ቻይው» አለኝ። አባዬ ቁርሱን በልቶ፣ ሬዲዮውን ከፍቶ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አረፈ። አልታመመም፣ አልተኛም፣ በቃ አረፈ።

«ለእህትሽ እንዳትነግሪያት» አለኝ፣ እኔ ገና ትንፋሼን ሳልሰበስብ። «እርጉዝ ናት። በስልክ እንዳትሰማ፣ ብቻዋንም እንዳትሰማ። ነገ በጠዋት ሽማግሌ ይዘሽ በወጉ ትረዳ። እስከዚያ ከዓይንሽ አትለዪያት።»

ሰባት ወሯ ነው። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ወርዶባታል፤ ስለዚህ አጎቴ የሚለው ገብቶኛል። መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የምትወድቂ ከሆነ የሚይዝሽ ሰው ከጎንሽ ቆሞ ነው የሚነገረው። ስልክ ላይ ተነግሯት ብትወድቅስ? ልጁን ብታጣውስ? ያን ቀን የቀረኝ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ እስኪነጋ ድረስ ፊቴን መጠበቅ።

እንባዬን ጠራርጌ ወደ ማኅበራችን ሽማግሌ ሄድኩ። ጋሼ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ በእግራቸው ሥራ ፈልገው፣ ካፒቶል ሂል ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ለብዙ ሆነው ተከራይተው ከኖሩት ከመጀመሪያዎቹ የዴንቨር አበሾች ናቸው። የግማሹን አበሻ መርዶ ያረዱት እሳቸው ናቸው። በጠዋት በር ላይ ከታዩ ሰው ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ መጮህ ይጀምራል፤ አንድ ጊዜ የተበደሩትን መሰላል ሊመልሱ ሄደው ቤቱን በለቅሶ ሞልተውታል ይባላል። ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉና «ጎህ ሲቀድ እንደርሳለን» አሉኝ። «አንቺ ብቻ ቻል አድርጊው ልጄ።»

አሁን ችግሩ እሷን ከምትኖርበት ከቶርንተን እኔ ቤት፣ ኦሮራ ድረስ ማምጣቱ ነው። ምን ብዬ? አሞኛል ብላት ትደነግጣለች። ናፍቀሽኛል ብላት አታምነኝም፤ እኔ እንዲህ የምል ሰው አይደለሁም። ውሸት እያሰላሰልኩ ቻምበርስ ሮድ ቤቴ ደጅ ደርሼ ፓርክ ሳደርግ እሷው ቴክስት አደረገችልኝ። ባለቤቷ ትራኩን ይዞ መንገድ ላይ ነው፤ ብቸኝነት ተሰምቷታል፤ እኔ ጋ መጥታ ማደር ትፈልጋለች። ተመስገን አልኩ። አባዬ ራሱ ነው የላካት አልኩ በልቤ።

መጣች፤ ሆዷን አስቀድማ፣ ትንሽ ሻንጣ እየጎተተች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«አለርጂ። ይሄ የኮሎራዶ አየር እኮ! አንቺስ? ዓይንሽ አብጧል።»

«እንቅልፍ ነው። ሺፍት ቀይረውብኝ።»

አቀፈችኝ፤ ቶሎ አልለቀቀችኝም። እኔም አልለቀቅኳትም። ቀድሞ የለቀቀው ማን እንደሆነ እንጃ።

ስልኳ ነበር ያሰጋኝ። አበሻ እንደሆነ የሰው ሞት ሶሻል ሚዲያ ላይ ለመለጠፍ ሬሳው እስኪቀዘቅዝ አይጠብቅም። ምን ብዬ ልንጠቃት ስል «ባትሪዬ ዘግቷል፣ ቻርጀሬንም ረስቼዋለሁ» አለች። እሰይ! ከዚያ ደግሞ «ስልክሽን ስጪኝ፣ ጌም ልጫወት» አለችኝ። ክው አልኩ። የአጎቴን ጥሪ አጥፍቼዋለሁ፤ ግን ቢደውልስ? አልሰጥም ብላት ትጠረጥራለች። ሰጠኋት። ቀኑን ሙሉ ከእጇ አላወጣችውም፤ ግን አንድ ጌም እንኳ ስትጫወት አላየሁም። እንዲሁ ጭኗ ላይ ደፍታ ይዛው ተቀምጣለች። ግራ ገባኝ፤ ግን እንኳን ስለ ስልክ ስለራሴም የማስብበት ቀልብ አልነበረኝም።

ወሬያችንም ወሬ አልነበረም። በሌላው እሁድ በሃይማኖት ነው የምንናከሰው። እሷ ጴንጤ ከሆነች ቆይታለች፣ እኔ ደግሞ ያው የእናቴ ሃይማኖት ነው የእኔ። እሷ ስለ ጾሜ፣ እኔ ስለ ጩኸታቸው ሳንጨቃጨቅ ውለን አናውቅም። ያን ቀን «ቅዳሴ እንዴት ነበር?» አለችኝ፣ በትሕትና። «ጥሩ ነበር፣ እናንተስ?» አልኩ፣ በትሕትና። ሁለታችንም የሰው ቤት የመጣን እንግዶች መሰልን። ይሄ ዝምታ ያስነቃብኛል ብዬ ነው ቴሌቪዥኑን የከፈትኩት። ጀምበር ገና አልጠለቀችም።

እና ያ ጃንጥላ መጣ።

ሪሞቱን አግኝቼ ልለውጠው ስል «ተዪው እትዬ፣ ይሁን» አለችኝ።

«ደም አይታይሽም? ሆድሽ ውስጥ ያለው ልጅ ምን ይበል?»

«ልጁ አማርኛም ኮሪያኛም አይችልም። ተዪው።»

ተውኩት። ፊልሙ መጀመሪያ ይገድልና ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ ነው ለምን እንደገደለ የሚነግርሽ። ልጁ ዓሣ አጥማጅ ነው። ከባሕር ሲመለስ ታናሽ ወንድሙ ቤት ውስጥ የለም፤ ጃንጥላው ብቻ በሩ ላይ ተሰቅሏል። መንደሩን በሙሉ ይጠይቃል። «ከተማ ሄዷል» ይሉታል። «ሥራ አግኝቶ ነው» ይሉታል። ይስቁለታል፣ ያበሉታል፣ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። ወንድምዬው ግን ተገድሏል፣ መንደሩም በሙሉ ያውቃል። ሲደርስበት የገደሉትን ብቻ ቢበቀል ምን ነበረበት? ያወቁትንና ዝም ያሉትን ሁሉ በየተራ ይለቅማቸው ጀመር።

ወይ ጉድ! ከስንት ፊልም መሐል! ልጁ አንዱን ደላላ፣ ዝም ካሉት አንዱን፣ ዓሣ መስቀያ ላይ ሲያንጠለጥለው ነገ ጠዋት እህቴ የምታደርገኝ ታየኝ። «ፖፕኮርን እያቀረብሽ፣ እያሳቅሽ፣ እያወቅሽ!» ስትለኝ ጆሮዬ ሰማው። ኮሪያዊው ጩቤ ያነሳል፤ የእኛ ሰው ደግሞ ያኮርፋል። እህቴ ስታኮርፍ ደግሞ አታውቋትም። አንዴ ስለ አንድ ቀሚስ አኩርፋኝ ፋሲካ አልፏል።

ትርጉሙ በእንግሊዝኛ ከታች ይሮጣል። አንዱን መስመር ሳነብ ሌላው ያመልጠኛል። ያነበብኩትም አንጎሌ ውስጥ አይገባም፤ አባዬ ወንበሩ ላይ ነው ያለው፣ ሬዲዮው ክፍት ነው፣ ማን ዘጋው ይሆን?

«ይሄኛው ማነው?» አልኳት።

«እንጃ።»

«ቅድም የሞተው አይደለም እንዴ?»

«መሰለኝ። እንጃ እትዬ።»

እህቴ ፊልም ስታይ «እንጃ» የሚል ቃል አታውቅም። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ማንን በድብቅ እንደወደደ፣ እኔ ሳልጠይቃት ነው የምትነግረኝ። ድካም ነው፣ እርግዝና ነው ብዬ አለፍኩት።

መታጠቢያ ቤት እየሄድኩ ውኃ ከፍቼ አለቅስ ነበር። ስመለስ እሷ ትነሳለች። እሷ ስትመለስ እኔ እነሳለሁ። እርጉዝ ሽንት ቤት ቢመላለስ ማን ይገረማል? ውኃው ሲንሿሿ ይሰማኛል፤ እጅ መታጠብ አበዛች ብዬ ነበር።

አንድ ጊዜ ግን አፌ አመለጠኝ። ልጁ ባለ ሱቁን ሊገድለው እያሯሯጠው ነው። «ምን ያድርጉ ታዲያ?» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

«እነማን?»

«መንደርተኞቹ ናቸዋ! አዝነውለት ይሆናል። ከባሕር ደክሞ የመጣን ሰው በር ላይ አስቁመው እንዴት ይንገሩት?»

ትቃወመኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ከልጅነታችን ጀምሮ እኔ ነጭ ካልኩ ጥቁር ናት። «ልክ ነሽ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። «አይፈረድባቸውም። ለእሱ ብለው ነው።» እህቴ «ልክ ነሽ» ስትለኝ ያን ቀን መስማቴ ነው፣ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይበልጥ ተምታታብኝ።

አባዬ ልጆች ሳለን እሁድ እሁድ ሲኒማ ይወስደን ነበር። የህንድ ፊልም ነው፤ ግማሹ ዘፈን ነው፣ ግማሹ ዱላ ነው። በመሐል እሱ ይቀመጣል፣ በግራና በቀኝ እኛ። ጩቤ ሲወጣ ባርኔጣውን አውልቆ የእሷን ፊት ይሸፍናል፣ የእኔን ዓይን ደግሞ በመዳፉ። መዳፉ ሁልጊዜ ሳሙና ሳሙና ይላል። «አትዩ፣ አሁን ያልፋል» ይለናል። እኔ በጣቶቹ መሐል ለማየት እታገላለሁ፣ አይቻልም። ሲያነሳልን ሰውዬው ሞቶ፣ ደሙ ተጠርጎ፣ ዘፈን ተጀምሮ እናገኘዋለን። አንድ ቀን እንኳ ቀድሞ አንስቶ አያውቅም።

ፊልሙ ወደ መጨረሻው ደረሰ መሰለኝ። አንዲት አሮጊት አለች፣ ለልጁ ሾርባ የምትሠራለት። እሷም ታውቅ ነበር። ልጁ ጃንጥላውን ይዞ ገባ። አሮጊቷ ሳህኑን አቀረበችለትና ቁጭ በል አለችው። ከዚያ ነገረችው፤ ቀስ ብላ። ያቺን መስመር ሮጣ ሳታመልጠኝ አነበብኳት፤ ወንድምህ ከእንግዲህ አይመጣም ነው የምትለው። ልጁ ያንን ቀድሞም ያውቀዋል፤ ግን አልጮኸም፣ አልተነሳም። ማንኪያውን አንስቶ ሾርባውን እስከ ታች ጨረሰው።

እሱ ሲጨርስ እኔ አለቀልኝ። ቀኑን ሙሉ ያፈንኩት ገነፈለ። እሪ አልኩ። ጭኔ ላይ የነበረው ሳህን ተገለበጠ፣ ፖፕኮርኑ ምንጣፉ ላይ ተበተነ።

«ፊልም እኮ ነው እትዬ!» ብላ አቀፈችኝ። «ውሸት ነው እኮ፣ ደሙም ቀለም ነው።»

«አውቃለሁ» እላለሁ፣ አንገቷ ሥር ገብቼ። «አውቃለሁ።»

ቀና ስል እሷም እያለቀሰች ነው። እንባ ብቻ አይደለም፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ አውጥታ ነው።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ሆርሞን ነው!» አለችና ባሰባት።

አሁን ሳስበው እንዴት አልገባኝም እላለሁ። ሁለት ትልልቅ ሴቶች፣ በማናውቀው አገር ስለማናውቀው ዓሣ አጥማጅ፣ ተቃቅፈን እዬዬ! እኔ አባዬን እያለቀስኩ አጽናናታለሁ፤ እሷ ደግሞ ታጽናናኛለች፤ ማን ለማን እንደሚያለቅስ ጠፋብኝ። አንጀቴን የበላኝ ግን ሌላ ነው። ነገ ይቺ ልጅ ይሄን ምሽት ታስታውሰዋለች፣ ምን ይዤ እንዳለቀስኩ ይገባታል፣ ያኔ አትምረኝም እያልኩ ነበር።

ልጁ ተነሳ። ጃንጥላውን አነሳ። ወደ አሮጊቷ ዞረ። የእህቴ መዳፍ መጥቶ ዓይኔን ሸፈነኝ።

«አትዪ» አለችኝ። «አሁን ያልፋል።»

ክው አልኩ። ከስንት ዘመን በኋላ! ከየት አመጣችው? ከቀን ሁሉ ዛሬ እንዴት ትዝ አላት? መዳፏን ስታነሳልኝ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፤ ሪሞቱ በእሷ እጅ ነው። አሮጊቷን ይግደላት ይማራት እስከ ዛሬ አላውቅም። «በቃን፣ እንተኛ» አለችኝ።

አንድ አልጋ ላይ ጀርባና ጀርባ ሰጥተን ተኛን። እኔ ትራሴን ነክሼ አደርኩ። እሷ ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ንቅንቅ አትልም፤ እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ቀናሁባት።

ሊነጋ ሲል ሸለብ አድርጎኝ ኖሮ፣ ጎህ ሳይቀድ ሹልክ ብዬ ስነሳ ከጎኔ የለችም። ሳሎን ብወጣ ለብሳ፣ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች።

«ምን አስነሳሽ?»

«ሽንቴ። አንቺስ?»

«ሥራ።»

«ዛሬ ኦፍ ነኝ አላልሽኝም?»

ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ፓርኪንጉ ላይ የእኛዎቹ መኪና ቆሟል፤ ጋሼና ሽማግሌዎቹ በጃኬት ላይ ጋቢ ደርበው እየወረዱ ነው። በዚያኛው ጫፍ ደግሞ አንድ ቫን ገባ። የእህቴ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፤ ፓስተሩን አውቀዋለሁ፣ ሴቶቹን አውቃቸዋለሁ። ጋሼ እነሱንም ጠሩልኝ ማለት ነው፣ እንዴት ያለ አስተዋይ ሰው ናቸው አልኩ። ታዲያ ሁለቱ ቡድን መሐል ላይ ተገናኝተው ሰላምታ ተለዋወጡና ቆሙ። ፓስተሩ ወደ እኔ መስኮት ጠቆመ። ጋሼም ወደ እኔ መስኮት ጠቆሙ። ከዚያ ጋሼ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ራሳቸውን አከኩ። ምን እንደተባባሉ የሰማሁት በኋላ ነው። «ታናሺቱን ልናረዳ ነው» ሲሉ ጋሼ፣ «እኛ ደግሞ ታላቂቱን» ብሏል ፓስተሩ።

በሩ ተንኳኳ።

«ቁጭ በይ» አልኳት፣ ከኋላዋ ቆሜ ልይዛት።

«አንቺ ቁጭ በይ» አለችኝ፣ ከኋላዬ ልትዞር እየታገለች።

«አንቺ እርጉዝ ነሽ!»

«አንቺ ደም ግፊት አለብሽ!»

ሳሎኑ መሐል እንደ ሕፃን ስንሽከረከር በሩን ራሳቸው ከፍተው ገቡ። ክፍሉ በሰው ሞላ። ፖፕኮርኑ እግራቸው ሥር ቋ ቋ ይላል። ጋሼ እኔን አዩ፣ እሷን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩ። በዚያ ሁሉ ዘመን ያልገጠማቸው ነገር ገጠማቸው መሰለኝ።

«ከሁለታችሁ» አሉ፣ «ያልሰማችው የትኛዋ ናት?»

እኔ ወደ እሷ ጠቆምኩ። እሷ ወደ እኔ ጠቁማለች።

ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነው፤ ደሜ ፈላ። «ታውቂ ነበር?» አልኳት። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ትናንት ጠዋት። ባሌ ሰምቶ አላስቻለውም፣ ነገረኝ። አንቺስ?»

«ትናንት ጠዋት! እና ስልኬን...»

«ማንም እንዳይደውልልሽ ነዋ!»

«አለርጂውስ?»

«የምን አለርጂ!»

«እኔ ነኝ በሽተኛ? እኔ ነኝ የምጠበቀው?» እያልኩ ጮህኩ። «ቀኑን ሙሉ ብቻዬን! ትራስ ነክሼ!»

«እኔም እኮ ብቻዬን ነበርኩ» አለች እህቴ፣ ቀስ ብላ።

አንድ ቤት፣ አንድ ሶፋ፣ አንድ አልጋ ላይ ሆነን እያንዳንዳችን ብቻችንን። በማን ልናደድ? በአጎቴ? በባሏ? በወጉ? ያ ልጅ ቢሆን ማን ላይ ጃንጥላውን እንደሚመዝ ያውቅ ነበር። እኔ ግን ከእሷ በቀር ፊቴ የቆመ ሰው አልነበረም።

«ጨረሳችሁ?» አሉ ጋሼ። «እንግዲያው ተቀመጡ።»

«ጋሼ፣ እኛ እኮ ሰምተናል» አልኳቸው። «ምኑን ይነግሩናል?»

«ሰምታችኋል፣ ልጄ። አልተረዳችሁም።»

ተቀመጥን፣ ትከሻ ለትከሻ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁና ደረታቸው ላይ ያዙት። ሁለታችንም የምናውቀውን ነገር ልንሰማ ነው፤ ለምን እንደዚያ እንደፈራሁ እንጃ።

«አባታችሁ...» ሲሉ እጄ ሳላዘው ሄዶ የእህቴን ዓይን ሸፈነ። የእሷም መዳፍ የእኔ ዓይን ላይ ነበር።

«አትዪ» አለችኝ።

«አሁን ያልፋል» አልኳት።

ጋሼ ተናግረው ጨረሱ። ሴቶቹ እሪ አሉ፤ አንዱ ይጸልያል፣ አንዱ እግዚኦ ይላል። እኛ ዓይን ለዓይን እንደተሸፋፈንን ቀረን። እጄን መቼ ላንሳ? ግራ ገባኝ። መቼ እንደሚነሳ የሚያውቀው አባዬ ነበር።